ሐሳቡ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ግን አያምንም

ጭምት

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል። በደንብ ካላስረዳሁ ግን የምትሰጡኝ መልስ አይገጥምልኝም።

ጭንቀት ከያዘኝ ቆይቷል። በቅርቡ ድባቴም ተጨምሮበት ሐኪም ጋ ሄጄ ክትትል ጀምሬአለሁ። የተዛቡ አስተሳሰቦች ስለሚባሉት ነገሮች ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። «ወይ ሁሉ ወይ ምንም» ብሎ ማሰብ፣ ከአንድ ክፉ ነገር ተነስቶ ሁሉን መደምደም፣ ሰው በልቡ ያለውን አውቃለሁ ማለት፣ ትንሹን ነገር አግዝፎ እስከ ጥፋት ማድረስ፣ ስሜትን እንደ ማስረጃ መቁጠር፣ ራስ ላይ ስም መለጠፍ። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። ሲመጡም ወዲያው እለያቸዋለሁ።

ታዲያ ለምን ምንም አልተቀየረም? ለምሳሌ አለቃዬ «ነገ ጠዋት ላናግርሽ እፈልጋለሁ» የሚል አጭር መልእክት ትልክልኛለች። ወዲያው ሆዴ ይላወሳል። «ልታባርረኝ ነው» እላለሁ። ቀጥዬ «ይሄ እኮ ማግዘፍ ነው» እላለሁ። ልክ ነኝ፣ ማግዘፍ ነው። ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ይነጋል። ጭንቅላቴ ያውቃል፣ ሰውነቴ አያምንም። አሁን ደግሞ አዲስ ሐሳብ መጥቶብኛል፤ «ይሄን ሁሉ አውቀሽ ካልተቀየርሽ አንቺ ተስፋ የለሽም» የሚል።

እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ከማወቅ ወደ ማመን እንዴት ተሻገራችሁ?

ቀስ በቀስ

እህቴ፣ በደንብ ገብቶኛል። እኔም እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ቆሜአለሁ።

በመጀመሪያ ያቺን የመጨረሻዋን ሐሳብ ያዣት። «ተስፋ የለሽም» የምትለዋ ራሷ ከዝርዝሩ ውስጥ ያለች ናት። ድባቴ ሲይዝ ማንኛውንም ነገር መክሰሻ ያደርገዋል፤ ያነበብሽውን ጭምር።

እኔን የረዳኝ መጻፍ ነው። በጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሐሳብ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ሐሳቡ ቅርጹን ይቀያይራል። አንዱን ስትመልሺለት ሌላውን ያነሳል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ይቆማል። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው። ምን ተፈጠረ? (የተፈጠረው ብቻ፣ ትርጉሙ አይደለም።) ምን ተሰማኝ፣ ከ100 ስንት? በአእምሮዬ ያለፈው ሐሳብ ቃል በቃል ምን ይላል፣ ከ100 ምን ያህል አምነዋለሁ? የሚደግፈው ማስረጃ ምንድን ነው? የማይደግፈውስ? ሁለቱንም ያየ ሰው ምን ይላል? መጨረሻ ላይ ስሜቴን እንደገና እመዝናለሁ።

ልብ በይ፣ ከ90 ወደ 60 ከወረደ ሠርቷል። ብዙ ሰው ወደ 0 እንዲወርድ ይጠብቅና «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። 60 ላይ ሆኖ መተኛት ይቻላል። 90 ላይ ግን አይቻልም።

ሌላው፣ «የሚደግፈው ማስረጃ» የሚለውን አትዝለዪው። ብዙ ሰው ሐሳቡ ውሸት ነው ብሎ ስለተነሳ ይዘለዋል። ያኔ ሐሳቡ «እኔን አልሰማሽኝም» እንዳለ ይቀራል። በቅጡ ጻፊለት። ብዙ ጊዜ እዚያ ዓምድ ላይ የሚገኘው «እንዲህ ስለተሰማኝ» የሚል ብቻ ነው። እሱን በዓይን ማየት ራሱ ያስተምራል።

ብሩህ ቀን

እኔ በበኩሌ ነገሩን ባታወሳስቡት እላለሁ። መጥፎ ሐሳብ ሲመጣ ወዲያው አባርሪው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ «እኔ ጠንካራ ነኝ፣ እወደዳለሁ፣ ይሳካልኛል» በይ። ያሰብነውን ነን። በርቺ!

ሰሚ ጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ። በሙያዬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ግን ሐኪምን አይተካም።

ብሩህ ቀን፣ በቅንነት እንደጻፍክ አውቃለሁ፤ ምክሩም ብዙ ቦታ ይሰማል። ግን ለተጨነቀ ሰው ሁለቱም ነገሮች አንዳንዴ ጉዳት አላቸው። ማባረሩን እንየው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ጠየቃቸው። በመጣባቸው ቁጥር ደወል ይመታሉ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ከዚያ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ ድቡ በረከተባቸው። የተባረረ ሐሳብ በርትቶ ይመለሳል። ጭንቀት ያለበት ሰው ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

መስታወቱንም እንየው። ጆአን ዉድ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ ተወዳጅ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግመው ሲሉ፣ ከማይሉት ይልቅ ስሜታቸው ተባባሰ። ምክንያቱ አይከብድም። አፍህ «ተወዳጅ ነኝ» ሲል ልብህ «ውሸታም» ይልሃል። ከዚያ ሁለት ሕመም ይሆናል። ለራሱ ጥሩ ግምት ላለው ሰው ምናልባት ትንሽ ይጠቅመው ይሆናል። እሱ ግን ብዙም አላስፈለገውም።

የኮግኒቲቭ ቴራፒ (በሐሳብ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምና) መሥራች የሚባለው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ የጀመረውም በጎ ሐሳብን በመስበክ አይደለም። እንዲያውም ድባቴ ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው የሚለውን የዘመኑን አመለካከት በጥናት ለማረጋገጥ ነበር የተነሳው። የታካሚዎቹን ሕልምና ወሬ ሲመረምር ግን ቁጣ ሳይሆን ውድቀትና እጦት አገኘ። በንግግራቸው መሃል ሳይጠሩ ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች እንዳሉም አስተዋለ። ሐሳቦቹ በሦስት ነገሮች ዙሪያ ይዞራሉ፤ «እኔ ዋጋ የለኝም»፣ «ዓለም አይመቸኝም»፣ «ወደፊትም አይሻልም»። ሕክምናው ያደረገው እነዚህን በሌላ ስብከት መተካት ሳይሆን ከታካሚው ጋር ቁጭ ብሎ መመርመር ነው። «እውነት እንዲህ ነው? በምን እናውቃለን? እንፈትነው?»

ጭምት፣ ያንቺ ጥያቄ ያለው ይቺ «እንፈትነው» የምትለዋ ላይ ነው። ስም ማወቅ መጀመሪያው ደረጃ ነው። ወረቀቱ ሁለተኛው ነው፤ ቀስ በቀስ ግሩም አድርጎ አስረድቶታል። ሰውነት ግን በክርክር አይረታም። ሰውነት የሚያምነው ያለፈበትን ነው። አለቃሽ መልእክት ስትልክ ምን ምን ታደርጊያለሽ? የምታስቢውን ሳይሆን የምታደርጊውን ንገሪኝ።

ጭምት

ሰሚ ጆሮ፣ አመሰግናለሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የማደርገው... መልእክቱን ደጋግሜ አነበዋለሁ። ከዚህ በፊት የላከችልኝን ሁሉ ወደ ላይ ሄጄ አያለሁ፤ ቃናዋ ተቀይሮ እንደሆነ። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬን «የሰማሽው ነገር አለ?» እላታለሁ። ታላቅ እህቴ ጋ እደውላለሁ፤ «ምንም አይደለም፣ አይዞሽ» እስክትለኝ። ለተወሰነ ሰዓት ቀለል ይለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሌሊት ተነስቼ የሠራኋቸውን ፋይሎች አያለሁ። ልትጠይቀኝ ትችላለች ብዬ ለማስበው ነገር ሁሉ መልስ አዘጋጃለሁ። ጠዋት ስገባ ዓይኔ አብጧል።

ሰሚ ጆሮ

ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ። የጻፍሽው ዝርዝር ውስጥ መልሱ ያለ ይመስለኛል።

እነዚህን ነገሮች በሙያችን «የደኅንነት ባሕሪያት» እንላቸዋለን። አደጋውን ለማስቀረት የምናደርጋቸው ናቸው። አለቃሽ ያላባረረችሽ ስንት ጊዜ ነው? ሁልጊዜ። ታዲያ አእምሮሽ ለምን አልተማረም? ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጊዜ ምስጋናውን የወሰደው ዝግጅቱ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ስለተዘጋጀሁ ነው የተረፍኩት» ይላል። ዣንጥላውን ዘርግቶ የሚሄድ ሰው ዝናቡ መቆሙን በምን ያውቃል?

ስለዚህ ሙከራ እናድርግ። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ ትንበያሽን ጻፊ። «እጨነቃለሁ» አይሆንም፤ እሱ ስሜት ነው፣ ሁሌም እውነት ይሆናል። «ነገ ጠዋት ከሥራ መሰናበቴን ትነግረኛለች፤ 85 ከመቶ አምናለሁ» ይሁን። ማንም ሰው እውነት ነው ወይም አይደለም ብሎ ሊፈርድበት የሚችል መሆን አለበት። ከዚያ ከዝርዝርሽ ውስጥ አንዱን ብቻ ተዪ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ምናልባት ለእህትሽ አለመደወሉ ይሻል ይሆናል፤ አንቺ ትመርጫለሽ። በማግስቱ የሆነውን ከትንበያው ሥር ጻፊ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ይሄኛው በትዕግሥት የሚመለስ ነው። ብትባረሪስ? እሱ ለአንቺ ምን ማለት ነው? መልሱን ካገኘሽ በኋላ «እሱስ ከሆነ ምን ማለት ነው?» እያልሽ ወደ ታች ውረጂ። ብዙ ጊዜ ከሥር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይገኛል፤ «እኔ ሸክም ነኝ»፣ «ብቻዬን እቀራለሁ»፣ «ማንነቴ ከታወቀ አልፈለግም» የመሰለ። መልእክቱ የነካው እሱን ነው። ሲበዛ የሚከብድ ከሆነ ግን ብቻሽን አትውረጂ፤ ክትትል ከሚያደርግልሽ ሰው ጋር ይሁን።

ማታ ማታ

የኔ ጭንቀት ከሰውነት ነው የሚጀምረው። ልቤ መምታት ሲጀምር «አለቀልኝ፣ የልብ ሕመም ነው» እላለሁ። ይሄን ስል ልቤ የባሰ ይመታል። እሱን አይቼ የባሰ እፈራለሁ። ድንገተኛ ክፍል ስንት ጊዜ ሄጄ ጤነኛ ነህ ተብዬ ተመለስኩ። ለኔም የተዛባ ሐሳብ ነው የሚባለው?

ሰሚ ጆሮ

አዎ፣ በደንብ። የገለጽከው ዙሪያ ጥምጥም ዴቪድ ክላርክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ካቀረበው ማብራሪያ ጋር አንድ ነው። የሰውነት ተራ ለውጥ ይመጣል፤ የልብ ምት፣ ማዞር፣ የትንፋሽ ማጠር። እሱን እንደ ሞት ምልክት እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ፍርሃት ይወልዳል። ፍርሃቱ ያንኑ ምልክት ያብሰዋል። የድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም የምንለው ይሄ ነው።

ሐኪም ልብህን አይቶ ደኅና ነህ ካለህ፣ ከባለሙያ ጋር ሆነህ የምትፈራውን ስሜት ሆን ብለህ ታመጣዋለህ። ደረጃ በፍጥነት መውጣት፣ ባሉበት መሽከርከር፣ ለአጭር ጊዜ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። ልብህ ይመታል፣ ያዞርሃል፣ ምንም አትሆንም። ያን ጊዜ ሰውነትህ ራሱ ይመሰክርልሃል። ያልተመረመርክ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለብህ ሰው ሆይ፣ ይህን አንብበህ ብቻህን አትጀምረው። (ይህን ሌላም አንባቢ ስላለ ነው የምጽፈው።)

መንገደኛ

ሁላችሁም የምታወሩት ስለማይደርስ ነገር ነው። የኔ ሐሳብ እውነት ነው። ከሥራ ተባርሬአለሁ። ትዳሬ ፈርሷል። «ሕይወቴ ተበላሸ» ስል ምን የተዛባ ነገር አለው? ወረቀት ላይ ብጽፈው የሚደግፈው ማስረጃ ሞልቶ ይፈስሳል።

ቀስ በቀስ

ወንድሜ፣ አዝናለሁ። የደረሰብህን «የተዛባ አስተሳሰብ ነው» የሚልህ ሰው ካለ አልገባውም። ሥራ ማጣትም ትዳር ማጣትም ሐዘን ነው። ሐዘን ይታዘናል እንጂ አይታረምም።

እኔ የምለየው የሆነውን ከመደምደሚያው ነው። «ሥራዬን አጣሁ» የሆነ ነገር ነው። «ትዳሬ ፈረሰ» የሆነ ነገር ነው። «ሕይወቴ ተበላሸ» ግን ገና ያልሆነውን ወደፊት ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ ፍርድ ነው። «እኔ የማልረባ ነኝ» ደግሞ ስለ ማንነትህ የተሰጠ ፍርድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያማሉ፣ ይጎዳሉ፤ አብረሃቸው ግን መንቀሳቀስ ትችላለህ። የኋለኞቹ ናቸው እግር የሚያስሩት።

ለእውነተኛ ችግር ደግሞ መሣሪያው ሌላ ነው። «ይሄ ሐሳብ ልክ ነው ወይ?» ሳይሆን «በዚህ ሳምንት ልሠራው የምችለው ትንሹ ነገር ምንድን ነው?» ነው የሚባለው። አንድ ሰው ጋ መደወል ሊሆን ይችላል። አንድ ማመልከቻ ሊሆን ይችላል። ገና በመንገድ ላይ ላለ ሐዘን ግን ይሄንንም አትቸኩልበት።

መንገደኛ

«የሆነውን ከመደምደሚያው» የምትለዋን ማሰብ አለብኝ። አመሰግናለሁ። ቀን ቀን እችለዋለሁ እንግዲህ። ሌሊት ነው የሚገድለኝ። «ለምን? የት ላይ ተሳሳትኩ? ለምን ያኔ አልነቃሁም?» እያልኩ አነጋለሁ።

ሰሚ ጆሮ

መንገደኛ፣ ሌሊት ላይ የገለጽከው ሐሳብን ማመንዠክ ነው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሥራ ዘመኗን አብዛኛውን ክፍል የሰጠችው ለዚህ ነው። ያገኘችው ነገር፣ ያዘነ ሰው ስለ ሐዘኑ ምክንያትና ትርጉም ደጋግሞ ሲያመነዥክ ሐዘኑ ይረዝማል፣ መፍትሔ የማግኘት አቅሙም ይደክማል። ሰውየው ግን እየፈታሁ ነው ብሎ ያምናል። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት ካሰብክ በኋላ በእጅህ አዲስ ነገር አለ? ውሳኔ፣ እርምጃ፣ ያልታየህ ነገር? ካለ አስበሃል። ከሌለና ስሜትህ ብቻ ከባሰ አመንዥከሃል። ያኔ ጥያቄውን ከ«ለምን» ወደ «እንዴት» እና «ምን» አዙረው። «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» ሌሊት ላይ መልስ የለውም። «ነገ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ?» መልስ አለው።

ጭንቀት ደግሞ ፊቱ ወደ ነገ ነው፤ «ቢሆንስ?» ይላል። ለእሱ ቶማስ ቦርኮቬክ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 የሞከሩት ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። በቀን አንድ ቋሚ ሰዓትና ቦታ ለጭንቀት ትመድባለህ፤ እነሱ 30 ደቂቃ ነበር የመደቡት። በሌላ ሰዓት ጭንቀት ሲመጣ በአጭሩ ጽፈህ ወደዚያ ሰዓት ታስተላልፈዋለህ። አታባርረውም፣ ቀጠሮ ትሰጠዋለህ። ሰዓቱ ሲደርስ ብዙዎቹ ጉልበታቸውን አጥተው ታገኛቸዋለህ። ከመኝታ በፊት ባለው ሰዓት ላይ ግን አታድርገው።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰነበታችሁ፣ እኔም ሳነብ ሰነበትኩ። ዓምድ ሠርታችሁ፣ ከመቶ መዝናችሁ... እኔ ከአልጋ መነሳት አቅቶኛል። እስክሪብቶ ማንሳት ተራራ ነው። ሳነባችሁ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ «አንተ ይሄን እንኳን የማትችል» እላለሁ። አንዳንድ ሌሊት ባልነቃ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሰሚ ጆሮ

አባቴ፣ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ለማንም ያልተናገሩትን እዚህ ማውጣትዎ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ላንሳ። «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» የሚለው ሐሳብ በወረቀት የሚፈተን አይደለም። ለሰው የሚነገር ነው። ሐኪሞች ድባቴን ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው መጠይቆች አንዱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ዘጠነኛው ይሄንኑ ነው የሚጠይቀው። ማለትም እርስዎ ብቻ ያሰቡት፣ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሐኪም ሰምቶ አይደነግጥም፤ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው።

በቀጥታ ልጠይቅዎት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል? እንዴት እንደሚያደርጉት አስበዋል? መልሱ አዎ ከሆነ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሊጎዱበት የሚችሉት መድኃኒትም ሆነ ሌላ ነገር ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ሰው ይዞት ይቆይ። መልሱ አይ ከሆነም በዚህ ሳምንት ሐኪም ይዩ።

ስለ ዓምዱ ደግሞ ይተዉት። እውነቴን ነው። ድባቴ ሲከብድ በሐሳብ መጀመር የግድ አይደለም። ኒል ጃኮብሰን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ሰዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኞቹ እንቅስቃሴያቸውን እንዲያሳድጉ ብቻ ተረዱ። ሁለተኞቹ በሐሳብ ላይም ሠሩ። ሦስተኞቹ ሙሉውን የኮግኒቲቭ ቴራፒ ሕክምና ወሰዱ። ውጤታቸው አልተለያየም። ስለዚህ ስሜት እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ድባቴ ውስጥ ስሜቱ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው። ተቀምጠው እግርዎን መሬት ላይ ያድርጉ። መስኮቱን ይክፈቱ። ፊትዎን ይታጠቡ። ለዛሬ ይሄ በቂ ነው።

ቀስ በቀስ

አባቴ፣ እኔም እዚህ ነኝ። ዛሬ ማታ ምን እንዳደረጉ ብቻ ይጻፉልን። አንድ ቃል ይበቃል።

ጡረተኛው

ለማድረግ አላሰብኩም። ብቻ ደክሞኝ ነው። ለልጄ ደወልኩላት። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። መጥታ አብራኝ ልታድር ነው። ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። መስኮቱን ከፍቻለሁ።

ማታ ማታ

አባቴ፣ ዛሬ ያነበብኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

መንገደኛ

እኔም። አባቴ፣ ነገ ሐኪሙ ያለዎትን ይንገሩን፣ ካልከበደዎት።

ጡረተኛው

ሐኪሟ ደም አስመረመረችኝ። አንገት ላይ ያለው እንቅርት የሚወጣበት ዕጢ ሲደክም እንዲህ ያለ ስሜት ሊያመጣ ይችላል አለች። የደም ማነስም እንዲሁ። እሱ እስኪታወቅ መድኃኒት አስጀመረችኝ። ቶሎ ለውጥ አትጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ራስህ እንዳታቋርጠው አለችኝ። ልጄ ኪኒኑን እሷ ይዛዋለች። ንግግር ያለበት ሕክምናም ቀጠሮ አለኝ። ልጆቼ፣ አመሰግናለሁ።

ጭምት

ሰላም። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ የሆነውን ልንገራችሁ።

መልእክቱ ደግሞ መጣ። ትንበያዬን ጻፍኩ፣ «ታሰናብተኛለች፣ 80 ከመቶ»። እህቴ ጋ አልደወልኩም። ጓደኛዬን ግን ጠየቅኋት፤ እሱን ለመተው ገና አልደፈርኩም። ሌሊቱ ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። የጭንቀቱ ማዕበል እህቴ ሳታረጋጋኝም በራሱ ወረደ። ሁልጊዜ እሷ የምታወርደው ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት አለቃዬ አላሰናበተችኝም። ግን የመጣሁት «ሁሉ ሰላም ነበር» ልላችሁ አይደለም። ያዘጋጀሁትን አንድ ሥራ አልወደደችውም። ግልጽ አልሆነም፣ እንደገና ሥሪው አለችኝ። የፈራሁት ግማሹ ደረሰ ማለት ነው። ፊቴ ቀላ፣ «እሺ» አልኩ፣ ወጥቼ እንደገና ሠራሁት። በቃ። ከሥር ያገኘሁት ዓረፍተ ነገር «አንድ ስህተት ከተገኘብኝ አልፈለግም» የሚል ነበር። ስህተት ተገኘብኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ ሌላ ሥራ ሐሳቤን ጠየቀችኝ። ይሄን ማንም በቃል ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

አሁን ያንን ዓረፍተ ነገር ከ100 ስንት አምነዋለሁ ብዬ ስጠይቅ 70 ነው። በፊት ብትጠይቁኝ 100 እል ነበር።

ሰሚ ጆሮ

ጭምት፣ «ግማሹ ደረሰ» ያልሽው ከሁሉም በልጦብኛል። ትንበያው ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው «ክፉ ነገር ይደርሳል»፣ ሁለተኛው «ሲደርስ አልችለውም»። ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚፈትነው። አንቺ ሁለተኛውንም ፈተንሽው። የጓደኛሽን ለሚቀጥለው አቆዪው፣ አትቸኩዪ።

ቀስ በቀስ

አንድ አጭር ነገር ልጨምር። ለመጻፍ በማይመች ቦታ፣ ስብሰባ ላይ ወይም መንገድ ላይ፣ «አልችልም» የሚል ሐሳብ ሲመጣ «አልችልም የሚል ሐሳብ እየመጣብኝ ነው» እላለሁ። አልከራከረውም። ትንሽ ርቀት ይፈጠራል፣ እኔም የያዝኩትን እቀጥላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ራሴን በስሜ እየጠራሁ፣ ለጓደኛ እንደምናገረው አድርጌ እናገራለሁ። ለሌላ ሰው ስንናገር ደግ ነን። ለራሳችን የምንለውን ለጓደኛ ብንለው ወዳጅ አይተርፈንም ነበር።

ባለቤቷ

ይቅርታ፣ ከመሃል ገባሁ። ሚስቴ እንደ ጭምት ናት። በቀን ደጋግማ «ትተወኛለህ? ተቀይመኸኛል?» ትለኛለች። እኔ «በፍጹም» እላታለሁ። ደስ ይላታል፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና። አሁን አሁን እየተሰላቸሁ ነው፣ እሷም መሰላቸቴን ታያለች፣ የባሰ ትፈራለች። የደኅንነት ባሕሪ የምትሉት ሲገባኝ «ከዛሬ ጀምሮ አልመልስልሽም» ልላት ነበር። ልክ ነኝ?

ሰሚ ጆሮ

በድንገት አይሆንም፣ ወንድሜ። በድንገት ዝም ካልካት የፈራችው የደረሰ ይመስላታል። እሷ በረጋችበት ሰዓት አብራችሁ ተነጋገሩ። «መልሴ ለትንሽ ሰዓት እንጂ እንደማያቆይሽ አየሁ፤ በሌላ መንገድ ልርዳሽ» በላት። አንድ የምትሉትን ነገር ራሷ ትምረጥ። ለምሳሌ ስትጠይቅህ «ይሄ ጭንቀቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመስለኛል፤ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» ልትላት ትችላለህ። መልሱን ትነፍጋታለህ፣ ራስህን ግን አትነፍጋትም። ሐሳቧ ትክክል አይደለም ብለህ አትከራከራት፤ ክርክሩም ማረጋጊያ ይሆናል። የምትከታተላት ባለሙያ ካለች አንድ ቀን አብረሃት ግባ፤ ይሄን ከሦስት ሆኖ ማቀድ ይሻላል።

ባለቤቷ

ሐሙስ ቀጠሮ አላት። አብሬሽ ልግባ ወይ ብዬ ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።